የመነጽሩ ክፍል ልጆች

ጥቅምት 5

ለምወድዎ አክስቴ፣ ለእትዬ ድንቡሽ፤

እንደምን ከርመዋል? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ወገቡን ትንሽ ያመዋል እንጂ አፉ እንደ ድሮው ነው፤ "ለእህቴ ለድንቡሽ ሰላም በልልኝ፣ ደግሞ ሙሉ ቁመቷን የሚያሳይ ፎቶ ትላክ" ብሏል። እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ ያሉት ፎቶዎችዎ ሁሉ ከትከሻ በላይ ናቸው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ያጠፋሁት ነገር አለ፤ ለማን እንደምናገረው ሳስብ እርስዎ መጡብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሩጫ ፈተና ነበረን። እንደየዓመቱ ፊሽካዬን አንጠልጥዬ ሜዳው ጥግ ቆምኩ። እኔ እንደሚያውቁኝ ሯጭ ነበርኩ፤ የማይሮጥ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ይመስለኛል። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለች፤ ወፍራም ናት፣ ዝምተኛ ናት። ልጆቹ "ጎተራ" ይሏታል። ብዙ ጊዜ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌያለሁ። ያን ቀን ገና አንድ ዙር ሳትጨርስ ትንፋሽ አጥሯት በእግሯ መሄድ ጀመረች። ፊሽካ ነፋሁባት። ደገምኩ። ሩጫቸውን ጨርሰው አጥሩ ላይ የተቀመጡት ልጆች በፊሽካው ልክ ማጨብጨብ ያዙ። አላለቀሰችም። ከሜዳው ወጥታ የቤተ ሙከራው ደረጃ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዐይኗን አይቼው አላውቅም።

የትምህርት ቤታችን ነርስ የስም ዝርዝር ሰጥታኛለች። ክብደታቸው ከልክ ያለፈና ሁለተኛ ፎቅ ሲወጡ የሚያለከልኩ አሥራ አንድ ልጆች ናቸው፤ እሷም አለችበት። አሥሩ በስፖርት ቀን "አሞኛል" የሚል ወረቀት ያመጣሉ። ሰበብ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚሸሹት ስፖርቱን ሳይሆን እኔን ነው።

እርስዎ በሰው አገር በሆስፒታል የልምምድ ክፍል ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተዋል። ሰውነቱ የከበደው ሰው ሲመጣ ምን ትሉታላችሁ? ከየት ታስጀምሩታላችሁ? መልስዎን እጠብቃለሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

---

ኅዳር 9

ለወንድሜ ልጅ፣ እንደ ልጄ ለማይህ፤

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋትህን በገዛ እጅህ ጽፈህ መላክህ ከብዙ መምህር ይለይሃል፤ ስለዚህ አልቆጣህም።

እኛ ክፍል የሚመጡት በአብዛኛው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ዋናዎቹ ባለሙያዎች ያዛሉ፤ እኔ ረዳት ነኝ፤ አቆማለሁ፣ እደግፋለሁ፣ እቆጥራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዐይን ላይ የሚታሰር ትልቅ መነጽር ገብቶልናል፤ ምናባዊ እውነታ የሚሉት ነው። ሰውየው ሲያጠልቀው ክፍሉ ይጠፋና ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ኳስ ይመጣበታል፣ ወፍ ያልፍበታል፣ መብራት ይበራለታል። እሱ መብራቱን እመታለሁ ሲል እጁ ይነሳል። አንዲት ልብስ ሰፊ "ክንድሽን አንሺ" ስንላት ወር ሙሉ አልተነሳላትም ነበር፤ ወፏን ልትነካ ስትል ከራሷ በላይ ሰቀለችው። እኛ ስናለቅስ እሷ ወፏ ስላመለጠቻት ተናደደች።

አሁን አዳዲስ መጥተውልን አራቱ አሮጌዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የክፍል ኃላፊዋን ለምኜ ለትምህርት ቤትህ ፈቅዳልኛለች፤ ወረቀቱም ተፈርሟል። ወደዚያ የምትመጣ ነርስ ይዛልህ ትመጣለች። የስፖርት ጨዋታ ተጭኖባቸዋል፦ ቡጢ፣ እየጎነበሱ ማለፍ፣ ኳስ መያዝ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

የምልህን ግን አጥብቀህ ያዝ። መስኮቱን ጋርደው። ተመልካች አይግባ። ሚዛን የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥ እንዳላይ። ኪሎ ሳይሆን ትንፋሽና የልብ ምት ለኩ፤ እሱንም የትምህርት ቤታችሁ ነርስ ለየብቻቸው ትለካቸው። በአራት ደቂቃ ጀምር። የዞረበት ልጅ ወዲያው ያውልቅ። ፊት የሚነካውን ስፖንጅ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ አጽዳው። ፊሽካህንም መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት።

ፎቶውን ሌላ ጊዜ። ለወንድሜ ወገቡን እንዲያሞቅ ንገረው።

አክስትህ

---

ታኅሣሥ 24

ለምወድዎ እትዬ ድንቡሽ፤

እጅዎ አይንጠፍ። መነጽሮቹ በሰላም ደርሰዋል። አንዱ አልበራም፤ ሦስቱ ይሠራሉ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተሰባበረ ወንበር የሚጣልበት ክፍል ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋና እኔ ሁለት ቀን ፈጀንበት። ወለሉ ላይ በቀይ ፕላስተር ሦስት ትላልቅ አራት ማዕዘን አስምሬ፣ መስኮቱን በቲያትር ክበቡ አሮጌ መጋረጃ ሸፈንኩት። አሥራ አንዱን ለየብቻ ጠርቼ አነጋገርኳቸው። ለዝምተኛዋ ከሁሉ በፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች "እሺ" አለችኝ፤ የሰጠችኝ ይህን ብቻ ነው፣ እሱም ከሚገባኝ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ስምንት ልጆች መጡ። ማንም አልጀምርም አለ፤ ግድግዳውን ተደግፈው እርስ በርስ ይተያያሉ። እንግዲህ ቅድሚያ ለአዛውንት ብዬ መነጽሩን ራሴ አጠለቅሁ። ሯጭ ነኝ ብዬ ልቤ አብጧል። ግድግዳ የመሰለ ነገር በላዬ ሲመጣ ጎንበስ ልል ስል እግሬ ተጠላልፎ፣ ከፕላስተሩ ወጥቼ፣ የመምህሩን ወንበር አቅፌ ወደቅኩ። ሳወልቀው ስምንቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እትዬ፣ አሥር ዓመት ሳስተምር እንደነዚህ ያሉ ልጆች ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተራ ተሻሙ።

ዝምተኛዋ የመጨረሻዋ ነበረች። አራት ደቂቃ ተባለላት፤ ስድስት ሠራች። የበራውን ሁሉ በቡጢ ትመታለች፣ ትጎነበሳለች፣ ትዞራለች። ከባድ የምንላት ልጅ እንደዚያ ስትፈጥን ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ስታወልቀው ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት። ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና፣

"እዚያ ውስጥ ሰውነቴ አይታየኝም። የሚያየኝም የለም። መብራቱና እኔ ብቻ ነን" አለችኝ።

እንደ ቀላል ነገር ተናግራው ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እኔ ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እንሠራለን። አሥራ አንዱም መጥተዋል። አባባ ስለ ፎቶው አሁንም ይጠይቃል።

የወንድምዎ ልጅ

---

ጥር 29

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። በመዘግየቴ አትቀየመኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ልጆቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሠሩትን በዝርዝር ጻፍልኝ፤ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ዕረፍት፣ የትኛው ጨዋታ በየትኛው ሳምንት። ጉልበት የሚያመው ልጅ ካለ እንዴት እንዳደረጋችሁትም ጨምርበት። ለሥራዬ ስለምፈልገው ነው።

ያቺ ልጅ ሌላ የተናገረችው ነገር ካለ ቃል ሳታጎድል ጻፍልኝ።

አክስትህ

---

የካቲት 17

ለምወድዎ እትዬ፤

ደብዳቤዎ አጠረብኝ። ታመው እንደሆነ አይደብቁኝ። የጠየቁኝን ዝርዝር በሌላ ወረቀት አያይዤዋለሁ። ባጭሩ፣ በአራት ደቂቃ ጀምረን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጨምረናል፤ በየአራቱ ደቂቃ ዕረፍት አለ። ጉልበቱን የሚያመው አንድ ልጅ አለን፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ብቻ ጀመረ፣ በአምስተኛው ሳምንት ቆመ። አንዲት ልጅ በጣም ስለሚያዞራት መነጽሩን ትታ ከእኔ ጋር በእግር ትሄዳለች። ሁሉም ነገር ለሁሉም አይሆንም።

ዝምተኛዋን በሚመለከት ግን ወሬ አለኝ።

አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጄ በትምህርት ሰዓት ጌም ትጫወታለች የሚል ወሬ ሰምቶ፣ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። ድምፁ እስከ መምህራን ማረፊያ ይሰማ ነበር። ልጁን የላከው እንድትማር እንጂ ዐይኗን ሸፍና አየር እንድትመታ እንዳልሆነ፣ ስንፍናዋ አልበቃ ብሎ እኔ እንደጨመርኩበት ተናገረ። ርእሰ መምህሩ ጠብ አይወድም፤ ክፍሉን አስቆለፈው። አንድ ሳምንት እንደተቆለፈ ሰነበተ።

ያስከፈተው እኔ አይደለሁም። ያቺ ልጅ ናት። ለብቻዋ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄዳ፣ አባቷ አንድ ጊዜ ገብቶ ይየው፣ ከዚያ በኋላም ይዘጋ ካለ ይዘጋ አለች። ሰው ፊት አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ናት። አባቷም መጣ። ካፖርቱን አስወልቃ መነጽሩን በገዛ እጇ አሰረችለት። "አባዬ፣ የበራውን ምታ፣ የሚመጣብህን ጎንበስ ብለህ አሳልፍ" አለችው።

ሰውየው ጎማ የሚፈታ ክንድ አለው። ለመጀመሪያዋ ደቂቃ እየሳቀ ይመታ ነበር። በሁለተኛዋ ሳቁ ጠፋ። በአራተኛዋ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። አምስት ሳይሞላ አውልቆ ወለሉ ላይ ዘጭ አለና ውሃ ለመነ። ጠጥቶ ሲያበቃ ስንት ደቂቃ እንደሠራ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"እሷስ ስንት ነው የምትሠራው?"

"ሃያ ሁለት" አልኩት።

ወደ ልጁ ዞረ። "እኔኮ ሰነፍ ናት እያልኩ ነበር" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ከዚያ ተነስቶ ካፖርቱን ከእጇ ተቀበለና፣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ክፍሉ ይከፈትልኝ ብሎ ፈረመ። አሁን መነጽሮቹ የሚቀመጡበትን የብረት ሳጥን ከነቁልፉ አሠርቶ ያመጣልን እሱ ነው።

ቃል ሳታጎድል ያሉኝን አልረሳሁም። እንዴት ደፈርሽ ብዬ ስጠይቃት "አዲስ ነገር አይደለም። በየቀኑ የማልችለውን እየሠራሁ ለምጄው ነው" አለችኝ።

እትዬ፣ ይጻፉልኝ። ዝምታዎ አላማረኝም።

የወንድምዎ ልጅ

---

መጋቢት 26

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛው ይሂድ።

ዝርዝሩን ለሥራዬ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። ለራሴ ነው።

ጉልበቴ አልቋል። በብረት መቀየር አለበት ተብያለሁ። ሐኪሙ ግን ልቤንና ትንፋሼን መርምሮ፣ በዚህ አቅምሽ ማደንዘዣ አልሰጥሽም፣ ስድስት ወር አለሽ፣ ተጠናክረሽ ተመለሺ አለኝ። ይህን ያለኝ አንተ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በላክህልኝ ሰሞን ነው። አየህ፣ ቀኑን ሙሉ ሌላውን "አንሳ፣ ድገም፣ በርታ" እላለሁ። እኔ ግን ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምቆጥረው። የሥራ ባልደረቦቼ ፊት ልምምድ መሥራት ሞት መሰለኝ። ለሰው መድኃኒት እያቀበልኩ ለራሴ አልቀምስም አልኩ።

ፎቶውን ለምን እንደማልልክ አሁን ገብቶሃል። ለሃያ ሁለት ዓመት የላክሁላችሁን ሁሉ ከትከሻዬ በታች በመቀስ እየቆረጥኩ ነው። ሌላም ልንገርህ። ድንቡሽ የሚለው ስም በስድስት ዓመቴ ደስ ይለኝ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ጓደኞቹ ፊት ወንድሜ ሲጠራኝ ግን አልወደድኩትም። ክፉ ሰው ስላልሆነ አልነገርኩትም። የሆዴን በሆዴ ይዤ ከአገር ወጣሁ።

ያቺ ልጅ "የሚያየኝም የለም" ማለቷን ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት፣ ባልደረቦቼ ሲወጡ፣ የልምምድ ክፍሉን በር ዘግቼ መነጽሩን አጠለቅሁ። ጉልበቱን የሚያመው ልጃችሁም እንደዚያው እንደጀመረ ገና ሳላውቅ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። አራት ደቂቃ። በአራተኛው ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። ግን ወፏን ነካኋት።

ዝርዝራችሁ ከደረሰኝ ወዲህ ደግሞ እሱን ተከትዬ እየሠራሁ ነው። አሁን ሰባተኛ ሳምንታችሁ ላይ ነኝ። አንዳንድ ቀን እንቢ ይለኛል፤ ያን ጊዜ አባቷን አስባለሁ፣ አምስት ደቂቃ ያልሞላለትን ጎማ ፈቺ። እሱን ስበልጠው እስቃለሁ።

ለወንድሜ ይህን ደብዳቤ አንብብለት ወይም አታንብብለት፤ ለአንተ ትቼዋለሁ።

አክስትህ

---

ሚያዝያ 22

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አክስቴ፤

ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። ደብዳቤዎን ለአባባ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ "ስንት ዓመት ሙሉ እየሳቅኩ ወጋኋት" አለ። ሊጽፍልዎ ብዕር አንስቶ ነበር፤ እጁ አልሄድ አለው። ለጊዜው ይቅር በይኝ ብሏል በልልኝ አለኝ። ብያለሁ። እኔም ስለ ራሴ እንዲሁ ብያለሁ።

አሁን የደስታውን ልንገርዎ። ነርሷ የስድስት ደቂቃ የእርምጃ ልኬታዋን ደግማ ሠርታለች። ዝምተኛዋ በመጀመሪያ ሦስት መቶ ዘጠና ሜትር ሄዳ ነበር፤ አሁን አምስት መቶ ሃያ። ሳትንቀሳቀስ የሚለካው የልብ ምቷ ከዘጠና ስድስት ወደ ሰማንያ ሁለት ወርዷል። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ በግልጽ ተሻሽለዋል፤ ሁለቱ ትንሽ፣ አንዱ ምንም። ኪሎን የጠየቃት ወላጅ ነበር፤ የአንዳንዱ ጥቂት እንደቀነሰ፣ የአንዳንዱ እንዳለ እንደሆነ ነግራ፣ "ልባቸው ግን ሌላ ልብ ሆኗል" አለችው። ሁለተኛ ፎቅ እያወሩ ይወጣሉ።

የሚያስገርመው ደግሞ ሌላ ነው። መነጽሩ ሦስት፣ ልጆቹ አሥራ አንድ ስለሆኑ ተራ ጠባቂ ይበዛል። ተራቸውን የሚጠብቁት ዝም ብለው መቆም ሰለቻቸውና ያለ መነጽር ባዶ አየር ይመቱ፣ ይጎነበሱ ጀመር። ባለፈው ሳምንት አንዱ መነጽር ጨርሶ ሞተ። እኔ ተከዝኩ። ዝምተኛዋ ግን "ክፍሉ ጠቦናል፤ ሜዳ እንውጣ" አለችኝ።

መስሚያዬን ተጠራጠርኩ። ሜዳው ያው ሜዳ ነው፣ አጥሩም ያው አጥር።

በትልቁ ዕረፍት፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲያይ፣ አሥራ አንዱ በሁለት ረድፍ ቆሙ። ያዞራታል ያልኩዎት ልጅም አለች። ዝምተኛዋ ከፊት ሆና ትቆጥራለች፤ ያለ መነጽር ባዶ አየር ይመታሉ፣ ይጎነበሳሉ። አጥሩ ላይ ያሉት መሳቅ ጀመሩ። አላቆመችም፣ አልፈጠነችም። አንድ ሁለት ቀልደኞች ገብተው በማሾፍ ሊከተሏቸው ሞከሩ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዳቸው ወረደ። አሥራ አንዱ እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሄዱ። ሳቁ በራሱ ጊዜ ከሰመ። የማጨብጨብ ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ያ የቀድሞው ጭብጨባ መሰለኝ። አልነበረም።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ሯጭ ስፈልግ ኖርኩ፤ ጀግና ግን ፊቴ እያለከለከ ሲሄድ ፊሽካ እነፋበት ነበር።

ልጆቹ ስለ እርስዎ አያውቁም፤ ምስጢርዎን አላወጣሁም። ከፈቀዱልኝ ግን አንድ አሥራ ሁለተኛ ጓደኛ አለቻችሁ ልላቸው እወዳለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

---

ሰኔ 8

ለወንድሜ ልጅና ለወንድሜ፤

ሰላማችሁ ይብዛ፣ ክፉ አይንካችሁ። ይህን የምጽፈው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው፤ ግን አሞኝ አይደለም፤ በታካሚው ወገን መሆን ብቻ አዲስ ሆኖብኛል።

ሐኪሙ ባለፈው ወር ደግሞ መረመረኝ። ደረጃ አስወጣኝ፣ ብስክሌት አስነዳኝ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ "ምን አድርገሽ ነው?" አለኝ። አስተማሪዎች አሉኝ፣ ትልቋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው አልኩት። ቀልድ መሰለው። ማክሰኞ ጉልበቴን ቀየሩት። በሰላም ተኛሁ፣ በሰላም ነቃሁ።

ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። የምጠራበትን ነገር ከአሁን በኋላ በስልክ እንነጋገርበታለን፤ ብዕሩ እጅህ ላይ ከከበደ ምላስህ እንኳ መቼም ከብዳህ አታውቅም።

አንተ ልጄ፣ በደብዳቤዎችህ ውስጥ አንተ ስትለወጥ አይቻለሁ፤ ልጆቹን ብቻ አላየሁም። ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ተሳስቻለሁ ብሎ ሙያውን ከሀ እንደገና ሲጀምር ቀላል አይደለም። ኮርቼብሃለሁ።

ስለ እኔ ለልጆቹ ንገራቸው። ስሜንም፣ ጉልበቴንም፣ ኪሎዬንም ጭምር ንገራቸው፤ የምደብቀው የለኝም። ዛሬ ጠዋት ባልደረቦቼ ከአልጋ ሊያነሱኝ መጡ። ሁሉም ያውቁኛል፣ ሁሉም ያዩኛል፤ በሩም ክፍት ነበር። ዝጉት ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለዓመታት ከጎኗ ሆኜ ለሌላው ስቆጥርላት የኖርኩት ባለሙያ አሁን እሷ ለእኔ ቆጠረችልኝ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ሄድኩ።

ለሌላ ሰው ብነግረው ሰባት ብቻ ይለኛል። ለእነሱ ግን ንገራቸው፤ ሰባት ስንት እንደሆነ እነሱ ያውቁታል።

አክስትህ